ሐረር በማን፣ እንዴትና በምን ኃይል ተዳደረች?



ስለ ውጭ አገር መንግሥታት አወቃቀር ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ብዙ ተምረናል። የእንግሊዝ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች እንዳሉት፣ ንጉሡ ይነግሣል እንጂ አያስተዳድርም እንደሚባል፣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የጦር ኃይሉ የበላይ አዛዥ መሆኑን ለፈተና ሸምድደን ጽፈናል። ጥሩ ነው፤ ማወቅ አይከፋም። ነገር ግን ይኸው አጠገባችን ያለው ጀጎል በዘመኑ የራሱ ገዢ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ገንዘብና የራሱ ጦር የነበረው መንግሥት መቀመጫ እንደነበረ ስንቶቻችን ዘርዝረን መናገር እንችላለን?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው እንዲያው ለወሬ አይደለም። ነገ ተመርቀን ሐረር ከተማ ውስጥ፣ ወይም ወደ ሶፊና ኤረር ወረዳዎች ስንመደብ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የሐረሪ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የሱማሌ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁናል። ስለ ጨለንቆ ጦርነት አንዱ ልጅ ከአያቱ የሰማው ሌላው ከአያቱ ከሰማው ጋር አይገጥምም። መምህሩ ደግሞ ጠመኔውን ይዞ በሁሉም ፊት ይቆማል። ምን ብሎ ነው የሚያስረዳው? ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሐረርን አስተዳደር፣ ፖለቲካና የጦር ኃይል ከአሚሮች ዘመን ጀምረን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለመመልከት እንሞክራለን። አንዳንዱን ሰፋ አድርገን፣ አንዳንዱን ደግሞ በችኮላ እናልፈዋለን።

ግንቡ እንደ ጦር ሠራዊት

ስለ ሐረር ጦር ከመናገራችን በፊት ስለ ግንቡ እንናገር፤ ለረዥም ጊዜ የከተማዋ ዋናው ጦር ግንቡ ነበርና።

ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ የሐረርን አመራር የያዙት አሚር ኑር ናቸው። እኒህ ሰው በ1551 ዓ.ም. ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግተው ንጉሡ በጦርነቱ ላይ ወድቀዋል። ሆኖም ድሉ ለሐረር እፎይታ አልሰጠም። ያ ሁሉ የጦርነት ዘመን ሰውንም ሀብትንም አሟጦ ስለነበረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ እስከ ከተማዋ ዙሪያ ስለደረሰ፣ መንግሥቱ ማጥቃትን ትቶ ወደ መከላከል ዞረ። የጀጎል ግንብ መሠራት ከአሚር ኑር ስም ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የግንቡ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ነው። ከጥንት የነበሩት በሮች 5 ናቸው። በአማርኛ ፋላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር እንላቸዋለን። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አሱም በሪ፣ አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪና አርጎብ በሪ ይሏቸዋል። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር የሚባለው ከጊዜ በኋላ የተከፈተ ስለሆነ ከ5ቱ ጋር አይቆጠርም። ተማሪዎች «6 ናቸው» ቢሉ ስህተት ነው ብለን ከመቆጣት ይልቅ መቼ የተከፈተው የቱ እንደሆነ ብናስረዳቸው ይሻላል።

በግንቡ ግርጌ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የዝናብ ውኃ ይወጣባቸዋል፤ ማታ ማታ ጅብ ይገባባቸዋል። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። እንግዲህ ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ግንብ ለጅብ መግቢያ ትቶለታል ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ስቀናል። ነገሩ ግን ብልሃት አለው፤ ጅቡ የከተማውን ጥራጊ እየበላ ያጸዳ ነበር።

በሮቹ ማታ ይዘጋሉ። ከውጭ የሚመጣው ነጋዴም ሆነ ገበሬ የሚያልፈው በእነዚህ 5 ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ቀረጥ ለመሰብሰብ፣ እንግዳን ለመመርመርና የጦር መሣሪያ ይዞ የሚገባውን ለማስቆም ብዙ ወታደር አያስፈልግም። አንድ በር፣ ጥቂት ዘበኛ፣ አለቀ። ጥበቃውም የገንዘብ ሚኒስቴሩም በር ላይ ተቀምጠዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሚሩና ሹማምንቱ

በ1640 ዓ.ም. ገደማ አሊ ኢብን ዳውድ የተባሉት አሚር ራሱን የቻለ ሥርወ መንግሥት መሠረቱ። ይህ መንግሥት ግብጾች እስከገቡበት እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ220 ዓመት በላይ ቆየ። አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ዘመን ራሷን ችላ መኖሯ ቀላል ነገር አይደለም። በአውሮፓ እንደ ቬኒስ ያሉ የከተማ መንግሥታት በንግድና በብልጠት እንደኖሩ እናነባለን፤ ሐረርም ከዚያ ወገን ናት።

በሥልጣኑ ላይ የሚቀመጠው አሚሩ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ወዚር አለ። ፍርድ በእስልምና ሕግ የሚሰጠው ቃዲው ነው። ገራድና መለቅ የሚባሉ ሹማምንትም ነበሩ። ግብር ከከተማው ዙሪያ ካሉ እርሻዎች ከሚገኘው ምርትና በየበሩ ከሚከፈለው ቀረጥ ይሰበሰባል። ቡና፣ ጫት፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ በዚህ ያልፋሉ፤ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ወደቦች ይወርዳሉ።

ሐረር ገንዘብም ታትም ነበር። መሐለቅ ይባላል። ቃሉ ወደ አማርኛም ገብቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለትንሽ ገንዘብ መጠሪያ ሆኗል። ገንዘብ ማተም የመንግሥትነት ምልክት መሆኑን ለተማሪ ማስረዳት አያስቸግርም። ችግሩ አሚሮቹ ገንዘብ ሲቸግራቸው የብሩን መጠን እየቀነሱ ማተማቸው ነው። ነጋዴው ይህን ሲያውቅ ዋጋ ይጨምራል፣ ገበሬውም እህሉን ይሰውራል። ይህ ነገር ኋላ የመጨረሻውን አሚር ምን እንዳደረገው እናያለን።

ከፖለቲካው ሁሉ ረቂቁ ግን ከግንቡ ውጭ ያለው ነው። የአሚሩ ትእዛዝ ከበሩ ርቆ ብዙ አይሄድም። ገጠሩ በአፍራን ቀሎ ኦሮሞዎች እጅ ነበር። ከተማዋ ያለ እነርሱ እህልና ከብት አታገኝም፣ የንግድ መንገዷም በእነርሱ አገር ያልፋል። እነርሱም ጨውና ጨርቅ የሚያገኙት ከከተማው ገበያ ነው። ስለዚህ አሚሮቹ የኦሮሞ አለቆችን በስጦታ፣ በጋብቻና በሹመት ይይዙ ነበር። ጨርቅ ያለብሷቸዋል፤ ገራድ፣ ዳሚን ብለው ይሾሟቸዋል። አንዳንዴ ስምምነቱ ሲፈርስ መንገድ ይዘጋል፣ ከተማውም ይራባል፤ ከዚያ እንደገና ሽማግሌ ይላካል። በእኛ አስተያየት የሐረር መንግሥት ዕድሜ የረዘመው በጠመንጃ ብዛት ሳይሆን በዚህ የዕለት ተዕለት ድርድር ነው። «ከተማዋ ግንቧን ዘግታ ለብቻዋ ኖረች» የሚለው አባባል ይህን ይዘነጋል።

በታኅሣሥ ወር 1847 ዓ.ም. ሪቻርድ በርተን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ሐረር ገባ። መንገዱን በሙስሊም ነጋዴ ስም ተጉዞ፣ ሊደርስ ሲል ግን ማንነቱን ገልጦ፣ ከኤደን የመጣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ቀረበ። የያዘውን ደብዳቤ የጻፈውም ራሱ ነው! አሚር አሕመድ ዘንድ ቀርቦ 10 ቀን ያህል ከተቀመጠ በኋላ በሰላም ተሸኘ። ኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አሚሩ ግቢ፣ ስለ ወዚሩ ስለ ገራድ መሐመድ፣ ለሥልጣን የሚያሰጉ የአሚር ዘመዶች ይታሰሩ እንደነበር፣ ስለ ጦሩም ማነስ ጽፏል። በርተን ያየውን በንቀት መጻፉ አይካድም፤ የዘመኑ አውሮፓዊ ነው። ስናነበው ያየውንና የገመተውን መለየት አለብን። ሆኖም ጠመንጃ የያዘው የአሚሩ ጦር ትንሽ እንደነበረ ከሌላውም ታሪክ ይታያል፤ መሣሪያውም በክር የሚለኮስ አሮጌ ጠመንጃ ነው። የቀረው ጦርና ጋሻ ነው።

ከመንግሥቱ በታች ደግሞ ሌላ ዓይነት አስተዳደር ነበረ፤ እስካሁንም አለ። አፎቻ እንለዋለን። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰብ፣ የወንዶችም የሴቶችም የሆነ ማኅበር ነው፤ ከእድር ጋር ይመሳሰላል። አሚር ሲወርድ፣ ፓሻ ሲመጣ፣ ራስ ሲሾም፣ አፎቻው ግን ሬሳውን ያነሣል፣ ሙሽራዋን ይድራል። ስለ መንግሥት የሚጽፍ ሰው ይህን ቢዘለው ትልቅ ነገር ዘለለ እንላለን።

የግብጾች 10 ዓመት

በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ራውፍ ፓሻ የሚመራው የግብጽ ጦር ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ገባ። ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ ይዞ ለመጣ ጦር ግንቡ ምን ያደርጋል? አሚር መሐመድ ተገደሉ፤ የአሚሮቹም መንግሥት ተቋረጠ።

የግብጾች አገዛዝ በሐረር ታሪክ አዲስ ነገር አመጣ፤ ይኸውም በደመወዝ የሚኖርና በከተማው ውስጥ የሰፈረ መደበኛ ጦር ነው። ይህ ጦር ከግንቡ ወጥቶ ገጠሩን በኃይል አስገበረ። ቀድሞ በስጦታና በጋብቻ ይያዝ የነበረው የኦሮሞ ገበሬ አሁን በወታደር ግብር ተጠየቀ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በሌላ በኩል ንግዱ ሰፋ፣ መንገዱ ተጠበቀ፣ የግሪክ፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ገቡ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በአንድ የፈረንሳይ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር የደረሰው በዚህ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ነው።

ግብጾች የወጡት ተሸንፈው አይደለም። እንግሊዝ ግብጽን ከያዘች በኋላ፣ በሱዳንም የመህዲ እንቅስቃሴ ሲበረታ፣ ሐረርን ማቆየት ወጪው በዛ። በ1877 ዓ.ም. ጦሩ ለቅቆ ሄደ። ለንደንና ካይሮ ላይ የተወሰነ ነገር የሐረርን ሰው በአንድ ጊዜ ያለ ጠባቂ አስቀረው።

ጨለንቆ

ሥልጣኑ የተሰጠው ለተገደሉት አሚር ልጅ ለአሚር አብዱላሂ ነው። የቆዩት ለ2 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ እኛ ግን በዚህች አጭር ጊዜ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን፤ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

አሚር አብዱላሂ የተረከቡት ምንድን ነው? በአንድ በኩል ግብጾች ትተውት የሄዱ ጥቂት መድፍና ጠመንጃ፤ በሌላ በኩል ቂም የያዘ ገጠር፣ የለመደውን የውጭ ንግድ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ባዶ ግምጃ ቤት። አዲስ ገንዘብ አሳትመው ሰው በግድ እንዲቀበለው ሲያዙ ንግዱ ተናጋ። የውጭ አገር ሰዎችንም በጥርጣሬ አዩ፤ አባታቸውን የገደለው የውጭ ጦር ስለሆነ ይህ ሊገርመን አይገባም። በ1878 ዓ.ም. በጊልዴሳ በኩል ይመጣ የነበረ፣ ፖሮ በተባለ ሰው የሚመራ የጣሊያኖች ጓድ ተገደለ።

በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ ምሥራቅ እየሰፉ ነበር። አሩሲ ላይ ረዥም ጦርነት አድርገዋል። ሐረርን የሚፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጦር መሣሪያ የሚገባበትና ቡና የሚወጣበት የባሕር መንገድ በር ናት። አውሮፓውያንም ዓይናቸውን ጥለውባታል፤ ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዛለች። ምኒልክ ካልቀደሙ ሌላው ሊቀድም ነው። የፖሮ ጓድ መገደል ደግሞ ጥሩ ሰበብ ሆነ።

በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ሁለቱ ጦሮች ከሐረር በስተ ምዕራብ፣ በሸዋ መንገድ ላይ ጨለንቆ በተባለው ቦታ ተገናኙ። አሚሩ በግንቡ ውስጥ ሆነው ከመጠበቅ ይልቅ ወጥተው መግጠምን መረጡ። ክርስቲያኑ ጦር በበዓሉ ላይ ይዘናጋል ብለው አስበው ነበር ይባላል። በዚያ ሜዳ ከሐረሪው ጎን የኦሮሞና የሱማሌ ተዋጊዎችም ተሰልፈዋል። የምኒልክ ጦር በቁጥርም በመሣሪያም ይበልጥ ስለነበረ ውጊያው ረዥም ጊዜ አልወሰደም። ብዙ ሰው አለቀ። አሚር አብዱላሂ ወደ ከተማው ተመልሰው ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሸሹ፤ ኋላ ወደ ሐረር ተመልሰው ያለ ሥልጣን ኖረዋል።

እዚህ ላይ ነው መምህሩ የሚፈተነው። ለአንዱ ቤተሰብ ጨለንቆ አገር የጠፋበት፣ አያት የወደቀበት ቀን ነው። ለሌላው ኢትዮጵያ ከ9 ዓመት በኋላ ለዓድዋ የምትበቃበትን መሣሪያ የምታስገባበት መንገድ የተከፈተበት ነው። ሁለቱም የሆነ ነገር ነው! አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ የክፍሉን እኩሌታ ዝም ማሰኘት ነው። እኛ እርስ በርሳችን ስንከራከርበት አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል፤ ይኸውም ከማወደስና ከመውቀስ በፊት አሚሩ ምን ምርጫ ነበራቸው፣ ንጉሡስ ምን ይፈልጉ ነበር፣ ዋጋውን የከፈለው ማነው የሚሉትን 3 ጥያቄዎች ለተማሪዎች መስጠት ነው። ልጅ ሲጠየቅ ያስባል፣ ሲሰበክ ግን ያንቀላፋል።

ከራስ መኮንን እስከ ጣሊያን

ከድሉ በኋላ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ኋላ ራስ የተባሉት መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። እስከ ሞቱበት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ 19 ዓመት ገዙ። የጦሩ አያያዝ ተለወጠ፤ ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠዋል፣ ገበሬው ያበላዋል፣ ይሠራለታል። ለሐረርጌ ገበሬ ይህ ሸክም እንደነበረ መሸፋፈን አይገባም። በሌላ በኩል መኮንን ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መነጋገር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ወደ ጣሊያን ሄደዋል፤ በ1894 ዓ.ም. በለንደን በንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ላይ ተገኝተዋል። በመካከሉ የሐረርን ጦር ይዘው በአምባላጌና በዓድዋ ተዋግተዋል። ጣሊያንን መጀመሪያ በወዳጅነት፣ ኋላም በጦር ሜዳ ያዩ ሰው ናቸው ማለት ነው። ከተማው ውስጥ ቆሞላቸው የነበረው ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈርሷል። የተረገጠም የተወደሰም ታሪክ ገና ትኩስ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ልጃቸው ተፈሪ መኮንንም በ1902 ዓ.ም. በአባታቸው ቦታ ተሾሙ። ነገር ግን የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በመድረሱ ንግዱ ቀስ እያለ ከግንቡ ርቆ ሄዷል። የበሩ ቀረጥ ድሮ የነበረውን ጉልበት አጣ።

ጣሊያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተማዋን በአውሮፕላን ደበደበ። ሚያዝያ 30 ቀን የግራዚያኒ ጦር ገባ። የአውሮፓ አገር የመንግሥት አወቃቀር በቀጥታ ሐረር ላይ የተተከለው በዚህ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና የጣሊያን ሶማሊያ አንድ ላይ ተደርበው «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ሲባሉ፣ ሐረር ከግዛቶቹ የአንዱ መቀመጫ ሆነች፤ ጄኔራል ናዚም ገዢዋ ነበር። የፋሺስት ሕግ ነጭና ጥቁርን ለይቶ አስቀመጠ። አምስት ዓመት አልሞላውም፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የናይጄሪያ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር በማርዳ መተላለፊያ አልፎ ሐረር ገባ። በአውሮፓውያን ጦርነት ውስጥ አፍሪካውያን ወታደሮች ሐረርን ነፃ ማውጣታቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የጦር አካዳሚው

ከነፃነት በኋላ ሐረር እንደገና የጦር ከተማ ሆነች፤ 3ኛው ክፍለ ጦር እዚህ ሰፈረ። በ1950 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ ተቋቋመ። አስተማሪዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ የመጀመሪያው አዛዥም ራውሊ የተባሉ የሕንድ ብርጋዴር ናቸው። ይህ ምርጫ ዝም ብሎ የተደረገ አይመስለንም። በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ላይ የተከፈተውን የጦር ትምህርት ቤት ያስተማሩት ስዊድኖች ነበሩ፤ ስዊድን ቅኝ ግዛት የማትፈልግ የአውሮፓ አገር ስለሆነች ነው። ሕንድ ደግሞ የእንግሊዝን የጦር ሥርዓት ጠንቅቃ የተማረች፣ ግን ራሷ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣች አገር ናት። የአውሮፓን ዕውቀት ያለ አውሮፓ ጌትነት መውሰድ ማለት ይህ ነው።

ወደ አካዳሚው የሚገባው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት ነው። 3 ዓመት ሲማር ከጦር ትምህርት ጋር የቀለም ትምህርትም ይወስዳል። ከእኛ ዕድሜ ጋር እኩል የነበሩ ልጆች ማለት ነው! አንዱ ጠመኔ፣ ሌላው ጠመንጃ ያዘ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው።

በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ሐረር ራሷ ግንባር ሆነች። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተይዛ የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር አፋፍ መጣ፤ ከተማዋን ግን አልያዘም። የኢትዮጵያ ጦር፣ ሚሊሺያውና የኩባ ወታደሮች ተረባርበው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን አስለቀቁ። በካራማራ በኩል ዛሬ በአውቶቡስ ስናልፍ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ያኔ ግን ምሥራቁ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ተራራ ላይ ነበር።

14 እና 22

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሐረሪ ከክልሎች አንዱ ሆነ። በስፋት ትንሹ ክልል ነው፤ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወረዳዎቹ 9 ናቸው፤ 6ቱ የከተማ፣ 3ቱ የገጠር። የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው። የራሱ ጦር የለውም፤ መከላከያ የፌዴራል መንግሥት ነው። ፖሊስ ግን አለው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 56 ያህሉ ኦሮሞ፣ ወደ 23 የሚጠጋው አማራ ሲሆን፣ ሐረሪው 9 አይሞላም። እንግዲህ ችግሩ ይኸውና! የምክር ቤት ወንበር በሰው ቁጥር ብቻ ቢከፈል፣ ክልሉ በስሙ የተጠራለት ሕዝብ ድምፁ ሊሰማ አይችልም። በቁጥር ሳይሆን በታሪክ ብቻ ቢከፈል ደግሞ ብዙኃኑ ምን ይላል?

መልሱ ሁለት ክፍል ያለው ምክር ቤት ሆነ። በ2014ቱ ምርጫ ጊዜ ጠቅላላው 36 ወንበር ነበር። 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ በክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመረጣሉ። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነዚህን የሚመርጠው ሐረሪ ብቻ ነው። የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ለሹመት የማቅረብ ሥልጣንም ለዚሁ ጉባኤ ተሰጥቷል። ብዙ ሐረሪ የሚኖረው ከክልሉ ውጭ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ስለሆነ፣ ባሉበት ሆነው ለ14ቱ ወንበር ድምፅ ይሰጣሉ። በ2013 ዓ.ም. «ከክልሉ ውጭ ያለ ሰው እንዴት ለክልል ይመርጣል?» በሚል ከምርጫ ቦርድ ጋር ክርክር ተነሥቶ ጉዳዩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ፍርዱም ለክልሉ ምክር ቤት ሆነ። ምርጫው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተደረገ።

ይህ ዓይነቱ አከፋፈል የሐረር ብቻ ጉድ አይደለም። በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ የክልል ምክር ቤት ካሉት 89 ወንበሮች 17ቱ ለደች ተናጋሪዎች የተለዩ ናቸው፤ በቁጥር ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው በጣም ቢያንሱም። በማዕከላዊው ካቢኔም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀር የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት። እዚያም «ይህ ፍትሕ ነው ወይስ አድልዎ?» እየተባለ ይከራከሩበታል። ቤልጅየም እንግዲህ የበለጸገች የአውሮፓ አገር ናት፤ ግን ጥያቄው ያው የእኛው ጥያቄ ነው።

በእኛም መካከል ሐሳቡ አንድ አይደለም። አንዳንዶቻችን ጥበቃ ከሌለ ትንሹ ሕዝብ በቋንቋውም በባህሉም ይውጠዋል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አማራ ወይም ጉራጌ ወንበር የሚያገኘው ከየት ነው ብለን እንጠይቃለን። አሚሮቹ በጨርቅና በጋብቻ ይፈቱት የነበረውን የከተማና የገጠር፣ የጥቂትና የብዙ ጉዳይ አሁን በወንበር ቁጥር ለመፍታት ተሞክሯል።

ለተግባር ልምምድ ለምንወጣ ሠልጣኞች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ተማሪዎችን ከፋላና በር አስነሥቶ በግንቡ ዙሪያ 5ቱን በሮች ማስቆጠር ግማሽ ቀን አይፈጅም። በየበሩ ላይ ቆመን «በዚህ በር ማን ገባ? ማን ወጣ? ማንስ ከፈለ?» እያልን ብንጠይቃቸው ከላይ የጻፍነውን አብዛኛውን እነሱው ያወጡታል። ከሸዋ በር ስትደርሱ ግን ገበያው ስለሚበዛ ሕፃናቱን እጅ ለእጅ አያይዟቸው፤ ባጃጁም አይታመንም።